ከእሳቱ የራቀው ቁስለኛ

እ.ኤ.አ. በ1812 የናፖሊዮን ጦር ከሩሲያ ሲያፈገፍግ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዶሚኒክ ላሬ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። እሳት ዳር የተጠጉት ቁስለኞች፣ ራቅ ብለው ብርድ ላይ ከተኙት ቀድመው ይሞቱ ነበር።

«ብርድ መታው» እየተባለ ላደገ፣ የአራስ ቤት በርና መስኮት ሲደፈን ላየ ሰው ይህን መቀበል ይከብዳል። ለሐኪሞቹም ከብዷቸው ነበር። ዊሊያም ሲልቨርማን በ1958 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሙቀታቸው ሲጠበቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳየ፤ ልክም ነበር። ከዚያ በፊት በ1938 ፊላደልፊያ ላይ ቴምፕል ፌይ የካንሰር ሕመምተኞችን፣ ቆይቶም ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎችን በበረዶ አቀዝቅዞ ነበር። ናዚዎች ዳካው ውስጥ እስረኞችን በበረዶ ውሃ እየዘፈቁ ሲገድሉ ግን የማቀዝቀዝ ጥናት ስም አብሮ ጠለሸ።

ነገሩ የተፈታው ጨቅላዎች ላይ ነው። ምጥ ላይ የታፈነ ሕፃን ትንፋሹ ሲመለስለት አንጎሉ ለጥቂት ሰዓታት ያገገመ ይመስላል፤ ከዚያ ሴሎቹ ዳግም ጉልበት አጥተው መሞት ይጀምራሉ። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ አሊስተር ገንና ፒተር ግሉክማን በበግ ፅንስ ላይ ያጠኑት ይህንን ፋታ ነበር። በ2005 የወጡት ትልልቅ ሙከራዎች በዚህ ፋታ የማቀዝቀዝን መንገድ አጸኑት፦ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ፣ ሰውነቱ 33.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ለ72 ሰዓት ይቆያል። በፍራሹ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘዋወራል። እናት እግሩን ስትነካው ይቀዘቅዛታል፤ ልታለብሰው እጇ ይሄዳል፣ ግን አይፈቀድም። በአራተኛው ቀን ቀስ ተብሎ፣ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ይሞቃል።

አዋቂዎች ላይ ተስፋው አልዘለቀም። ልባቸው ቆሞ የተመለሰላቸው 939 ሰዎች በ2013 ሙከራ በ33 እና በ36 ዲግሪ ሲነጻጸሩ ልዩነት አልታየም። ጭንቅላታቸው ክፉኛ በተጎዳ 511 ሰዎች ላይ የተደረገው የ2018ቱም ጥቅም አላሳየም።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው በ2021 የታተመው ጥናት ነው። በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዲሽ 408 የታፈኑ ጨቅላዎች ተጠኑ፤ ከቀዘቀዙት 42 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ ሞቱ። አንዱ ማብራሪያ ጉዳቱ የጀመረው ከመወለዳቸው አስቀድሞ፣ በረዘመ ምጥ ውስጥ ነው የሚል ነው፤ እንዲህ ከሆነ ፋታው ሳይወለዱ አልፏል። መታፈን ብዙ ጨቅላ በሚቀጥፍባት ኢትዮጵያ፣ የበረዶ ከረጢት ርካሽ ነውና መሞከሩ ያጓጓ ይሆናል። እኔ ግን ገንዘቡንም ጉልበቱንም ለአዋላጇ እሰጣለሁ፦ ሌሊቱን በየ30 ደቂቃው የፅንሱን የልብ ምት ለምታዳምጠው፣ ሕፃኑ ሳያለቅስ ሲቀር በመጀመሪያዋ ደቂቃ ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ አየር ለምትሰጠው።