ከብርቱካን ቅጠል የሚወጣው ሽቶ፦ የፔቲ ግሬን ዘይት ታሪክ

ፈረንሳዮች «ፔቲ ግሬን» የሚሉት ቃል «ትንሽ ፍሬ» ማለት ነው። ነገር ግን ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው መዓዛማ ዘይት የሚወጣው ከኮምጣጣ ብርቱካን ቅጠልና ቀንበጥ እንጂ ከፍሬው አይደለም። ቀድሞ ገና ሳይበስል ከተለቀመ ጥቃቅን ፍሬ ይወጣ ነበርና ስሙ ከዚያ ዘመን ተረፈ። እኛም በዚህ አጭር ጥናት የምንጠይቀው፥ ለቅጠሉ ዋጋ የሰጠው ማን ነው? የሚለውን ነው።

አሠራሩ ዐረቄ ሲወጣ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንም። ቅጠሉ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ይቀዘቅዛል፤ ዘይቱም ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ይሁን እንጂ ከአንድ ኩንታል ቅጠል የሚገኘው ብዙ ጊዜ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

የሚያስደንቀው አንዱ ዛፍ ሦስት ዐይነት ዘይት መስጠቱ ነው። የፍሬው ልጣጭ ዘይት ከመቶ 90 በላይ ሊሞኒን ነው። አበባው ኔሮሊ የተባለውን ውድ ዘይት ይሰጣል፤ ለአንድ ኪሎ ኔሮሊ አንድ ሺሕ ኪሎ ያህል አበባ ያስፈልጋል። የቅጠሉ ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ሊናሊል አሴቴት፥ ሩብ ያህሉ ሊናሎል ነው። የዛፉ ዐይነት ሲለወጥም የቅጠሉ ነገር ይለወጣል። የመንደሪን ቅጠል ዘይት ግማሽ ያህሉ ናይትሮጅን ያለበት ሜቲል ኤን ሜቲል አንትራኒሌት ሲሆን፥ በሎሚ ወገኖች ቅጠል ውስጥ ደግሞ ሲትራል ይበዛል። የሎሚ ቅጠል በጣቱ ጨምቆ ያሸተተ ሁሉ ሲትራልን፥ ስሙን ባያውቀውም፥ ያውቀዋል።

በ1709 (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) የፋሪና ቤት በኮሎኝ ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ፥ የብርቱካን ወገኖች መዓዛ በአውሮፓ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። በደቡብ ፈረንሳይ በግራስ አካባቢ ግን ገበሬው ዛፉን የሚተክለው ለአበባው ነበር፤ ቅጠሉ ዛፉ ሲከረከም የሚገኝ ትራፊ ነው። ብዙ ቅጠል የተገኘው ከባሕር ማዶ፥ በፓራጓይ ነው።

ኮምጣጣ ብርቱካንን ወደዚያ አገር ያመጡት እስፓኞች ናቸው። ዛፉም በጊዜ ብዛት በየጫካው ዱር ሆኖ በቀለ፤ የጓራኒ ተናጋሪዎችም አፔፑ ብለው ጠሩት። ከ1864 እስከ 1870 በተደረገው ጦርነት አገሪቱ ከወንዶቿ እጅግ ብዙውን አጣች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ ቤንጃሚን ባላንሳ በዚያ ተቀምጦ ቅጠሉን ማንጠር እንደ ጀመረ ይነገራል። የእርሱን ድርሻ አንክድም። ሆኖም ቅጠሉን እየቆረጠ፥ እንጨት እያነደደ ሥራውን ትውልድ ለትውልድ ያቆየው የገጠሩ ሕዝብ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአንድ ሰው ስም ብቻ መጻፍ ሚዛኑን ያዛባል ብለን እናምናለን።

በ1890ዎቹ ቲማንና ሴምለር የተባሉ የጀርመን ኬሚስቶች ሊናሎልን መረመሩ። ንጥረ ነገሩ ከታወቀ በኋላ የዘይቱ ዋጋ ባለው የሊናሊል አሴቴት መጠን ይገመት ጀመር። ለዚህም ምክንያት አለው፦ ሊናሊል አሴቴት በፈላ ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ ከፊሉ ወደ ሊናሎልና ወደ ኮምጣጤ አሲድ ይከፈላል፤ ማንጠሩን ያስረዘመ ሰው ይከስራል። ነገር ግን ያው ዕውቀት በሌላ በኩል ገበሬውን ጎዳው፤ ስሙና መጠኑ የታወቀውን ነገር ፋብሪካ ሊሠራው ይችላልና። በ1919 ሩዚችካና ፎርናሲር ሊናሎልን በላቦራቶሪ ሠሩ፤ በ1950ዎቹም በፋብሪካ በብዛት ይመረት ጀመር። ርካሹን ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ መሸጥም ቀላል ሆነ።

ማጭበርበሩን የሚገልጠውም ኬሚስትሪ ሆነ። የሊናሊል አሴቴት ሞለኪውል እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት መልክ አለው። ቅጠሉ በብዛት የሚሠራው አንደኛውን ሲሆን፥ የተለመደው የፋብሪካ ምርት ግን ሁለቱንም እኩል ይይዛል፤ የዛሬው መሣሪያ ይህን ይለያል። ደግሞም ሁለቱን ዋና ንጥረ ነገሮች በልካቸው ብንቀላቅል የዘይቱን ሦስት አራተኛ ያህል እናገኛለን፤ ሽታው ግን ፔቲ ግሬን አይሆንም። የቅጠሉን ምሬት የሚሰጡት ፒራዚኖችና መሰሎቻቸው በሚዛን ሊቆጠሩ እስከማይችሉ ድረስ ጥቂት ናቸው፤ በፓራጓይ ዛሬም ቅጠሉ ይነጠራል።