ታሞ የተመለሰ ሠራተኛ

ያደግሁት ጊንጪ አጠገብ ነው። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ አጭር ስለሆነ በዚያ ክረምት የተኛ ገበሬ የዓመት እህሉን ያጣል። አባቴ ታሞ በተኛበት ዓመት ጎረቤቶቻችን ደቦ ወጥተው መሬቱን አርሰው ዘሩለት። እንደ ወጉ ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያቀርባል፤ ያን ጊዜ ግን ሁሉም ስንቁን ይዞ መጣ።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ አባቴ ከተነሣ በኋላ ያደረጉት ነው። ኅዳር ላይ በእግሩ ሲቆም ማጭድ አላስያዙትም። አውድማው ዳር አስቀምጠው «አንተ ምርቱን ስፈር» አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ረፋዱን ብቻ አረሰ፤ ሲበረታ ቀኑን ሙሉ። ቤትህ ዋል ያለው የለም፤ ከጤነኛ እኩል እጨድ ያለውም የለም።

ወደ ደመወዝ ሥራ ስንሻገር ይህ ሁለተኛው ነገር ቀረብን። አምቦና አካባቢዋ ደመወዝተኛን ያወቁት ቀደም ብለው ነው። የማዕድን ውሃው በጠርሙስ መሞላት የጀመረው በ1922 ነው፤ በ1939 ደግሞ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሥራ በፊርማና በሰዓት ሆነ። ለታመመ ሰውም ሕግ ወጣ፤ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ላቃልለው አልፈልግም። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ቢበዛ የስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጥ ነበር፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። በ2011 የተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። እኔ አምቦ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ስሠራ አንቀጹን በቃሌ እወጣው ነበር።

አንቀጹ ለወባና ለስብራት ይበቃል። ለካንሰር አይበቃም። የጡት ካንሰር የያዛት ሴት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ታደርጋለች፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ ኬሞ ለወራት ይከተላል፤ ከዚያ ጨረር። ለሃያ ዓመት ያህል በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። ወረፋው ረጅም፣ ማሽኑም የሚበላሽ ነበር። ጨረር በሳምንት አምስት ቀን ስለሚሰጥ ከአምቦ እየተመላለሱ አይዘለቅም፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማረፍ ወይም ቤት መከራየት ግድ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ወጪው የሚከብደው ደመወዙ በቆመበት ወር ነው።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ይህ ደረሰባቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸው ነበር። ፈቃዳቸው አልቆ ሲመለሱ ቀኝ ክንዳቸው አብጦ የጋብቻ ቀለበታቸው አልገባ ስላለ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነበር። ከሐኪም ያመጡት ወረቀት ማኅተም ያለበት አንድ መስመር ነው፤ ቀላል ሥራ ይሰጣቸው ይላል። እስከ መቼ? ቀላል የሚባለው የትኛው ነው? ወረቀቱ መልስ አልነበረውም። በግል ማኅደራቸው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ሥራውን ያቀለሉላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው። ተላላኪያችን ከባዶቹን ፋይሎች በሙሉ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አወረዳቸው። ከላይ የቀረ ሲኖር «እትዬ፣ እኔ ላውርድልዎ» ይላቸዋል፤ እሳቸው «ተው ልጄ፣ የምችለውን እኔው ልሥራ» ይሉታል። ኬሞ በሚሄዱበት ቀን የጽሕፈት ሠራተኛዋ መዝገቡን ትይዝላቸው ነበር። የዕቁባችን ዳኛም ዕጣ ሳይወጣ የዚያን ወር ብር ለእሳቸው ይሰጥ ሲል ሁሉም ተስማማ። የአውድማው ደቦ እዚያ ቢሮ ውስጥ ነበር።

ነገር ግን በጽሑፍ ያልሰፈረ ደግነት ኃላፊ ሲለወጥ ይፈርሳል። አዲሱ አለቃ የሕክምና ቀናቸውን ከሥራ መቅረት ብሎ አስቆጠረው። ተከራከርኩ፤ የምጠቅሰው አንቀጽ ግን አልነበረኝም። አዋጁ የሚያውቀው በፈቃድ ላይ ያለን ሕመምተኛ፣ ሙሉ ሥራ የሚሠራን ጤነኛ፣ እንዲሁም በጤናው ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት ስላቃተው በማስጠንቀቂያ የሚሰናበትን ሰው ነው። ረፋዱን ሠርቶ ከሰዓት በኋላ የሚደክመው ሰው፣ አባቴ የነበረበት ቦታ ላይ ያለው፣ ሕጉ ውስጥ የለም።

መንገዱ ሩቅ አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የእኩልነት ሕግ ካንሰር የያዘው ሰው በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ይህን ጥበቃ ያገኛል። እኛም በአዋጅ ቁጥር 568 ላይ ይህን ያህል ብንጨምር የእትዬ ክንድ ሕግ ያውቀው ነበር።

አዋጅ እስኪሻሻል ድረስ ግን በምዕራብ ሸዋ ያለ አሠሪ ሁሉ የሚችለው ነገር አለ። ቀላል ሥራ የሚለው ወረቀት ሲመጣ ሐኪሙን ይጠይቅ፦ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ሳምንት፣ ስንት ኪሎ አያንሣ። መልሱን ከሠራተኛው ጋር ተስማምቶ ይጻፈው፣ ይፈርምበት። የኬሞና የጨረር ቀንም መቅረት ተብሎ አይመዝገብ። በወሩ መጨረሻ አብረው ተቀምጠው ሰዓቱን እንደገና ይዩት።