የሰው ድምፅ ከወዴት ይወጣል?

ሰው ጧት ለቤተ ሰቡ «እንደምን አደራችሁ» ካለበት ሰዓት ጀምሮ ማታ እስኪተኛ ድረስ ያለ ዕረፍት ከሚያገለግሉት የአካል ክፍሎች ሁለቱ አፍንጫና ማንቁርት ናቸው። ባለጉዳይ የምናነጋግረው፥ በስብሰባ ላይ ሐሳባችንን የምንገልጠው በእነዚህ ነው። ይሁን እንጂ ዐይን ሁሉን እያየ ራሱን እንደማያይ፥ ሰውም የሚናገርበትን መሣሪያ በሕይወት ሳለ አጥርቶ ሊያየው የቻለው ገና በ1854 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ ተገኘና ስለ ምን እንደ ዘገየ ዛሬ ባጭሩ እንገልጥላችኋለን።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። የምንተነፍሰው አየር በአፍንጫ ይገባል። በአፍንጫ ውስጥ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት የተጠቀለሉ ቀጫጭን አጥንቶች አሉ፤ እነርሱም እርጥብ በሆነ ስስ ሽፋን ተለብጠዋል። አየሩ በእነዚህ መካከል ሲያልፍ ይሞቃል፥ ይረጥባል፥ ትቢያውም ተይዞ ይቀራል። ከዚያ በጉሮሮ በኩል ወርዶ ማንቁርት ዘንድ ይደርሳል። ማንቁርት በአየር ቧንቧ አናት ላይ የተቀመጠ፥ ከልም አጥንት የተሠራ ሣጥን ነው። ከበላዩ ክዳን አለው፤ ምግብ ስንውጥ ክዳኑ ያጋድላል። ሳይከደን ጥቂት ውሃ ቢያመልጥ ትን ይለናል። በሣጥኑ ውስጥ ርዝመታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሁለት የሥጋ እጥፋቶች በግራና በቀኝ ተዘርግተዋል። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገር ይገጥማሉ፤ ከሳንባ የሚወጣውም አየር እየገፋ ያርገበግባቸዋል። በተራ ንግግር ጊዜ የወንድ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፥ የሴት 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባል።

ይህን ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ጣታችሁን በጉሮሯችሁ ላይ አኑራችሁ መጀመሪያ «ስ»ን፥ ቀጥሎ «ዝ»ን አስረዝማችሁ በሉ፤ በሁለተኛው ጊዜ ማንቁርታችሁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል። አፍንጫችሁን ይዛችሁ «ማን ነው» ብትሉ ደግሞ ቃሉ ይታፈናል፤ የ«መ»ና የ«ነ» ድምፅ መውጫው በአፍንጫ ነውና። በቋንቋችን ውስጥ ያሉት ቀ፥ ጠ፥ ጨ፥ ጰና ጸ የሚነገሩት እነዚያ ሁለት እጥፋቶች ለቅጽበት ጥርቅም ብለው፥ ከበላያቸው የታመቀው አየር ፈንድቶ ሲወጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ እንግዳ «ጠ»ን «ተ» እያለ የሚቸገረው ማንቁርቱን በዚህ አኳኋን ስላላለማመደው ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በጥንት ዘመን ከግሪክ ፈላስፎች ብዙዎቹ ሐሳብ የሚፈልቀው ከልብ ስለ ሆነ ድምፅም የሚነሣው ከደረት ነው ይሉ ነበር። እኛም ዛሬ አስተዋዩን ሰው «ልባም» ስንለው አነጋገራችን ከዚያ አስተሳሰብ ብዙ አይርቅም። በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮማ ከተማ የነበረው ሐኪም ጋለን ግን በሕዝብ ፊት የሚጮኽ ዐሣማ አቅርቦ ወደ ማንቁርት የሚሄዱትን ቀጫጭን ነርቮች ቢቆርጣቸው ዐሣማው በሕይወት እያለ ድምፁ ጠፋ። የእነዚህ ነርቮች ምንጭ አንጎል ስለ ሆነ፥ ለድምፅ ትእዛዝ የሚሰጠው አንጎል እንጂ ልብ አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ነርቮቹ ከአንገት ወደ ታች ወርደው፥ የግራው በደረት ውስጥ ታላቁን የደም ሥር ዞሮ እንደ ገና ወደ ማንቁርት ይመለሳል። ዛሬ ሐኪም ድምፁ የጎረነነውን ሰው ደረቱንም ጭምር የሚመረምረው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ታላቅ ሊቅም ይሳሳታል። ከጋለን በኋላ ሐኪሞች ከሺሕ ዓመት በላይ ንፍጥ ከአንጎል ተጣርቶ በአፍንጫ የሚወርድ ዝቃጭ ነው ብለው አስተማሩ። በ1660ዎቹ ኮንራድ ሽናይደር የተባለ ጀርመናዊ መምህር ከአንጎል ወደ አፍንጫ እንዲህ ያለ መፍሰሻ አለመኖሩን፥ ንፍጥም የሚመነጨው ከራሱ ከአፍንጫው ሽፋን መሆኑን አስረዳ። በ1741 ደግሞ ፈረንሳዊው አንትዋን ፌሬን ከሬሳ በወጣ ማንቁርት ውስጥ አየር ነፍቶ ድምፅ አሰማ፤ እጥፋቶቹንም በቫዮሊን ክር መስሎ «የድምፅ አውታሮች» አላቸው። በእኛ አገር ቢሆን አውታሩን በመሰንቆ ጭራ፥ ትንፋሹንም በደጋኑ በመሰለው ነበር። ክር አለመሆናቸው ኋላ ቢታወቅም ስሙ ጸንቶ ቀረ።

ይህ ሁሉ ግን የተገኘው ከእንስሳና ከሬሳ ነው። ሕያው ጉሮሮ ጨለማና ጠማማ በመሆኑ ለማየት የሞከሩት ሐኪሞች ብዙም አልተሳካላቸውም። በመጨረሻ መንገዱን ያቀናው ሐኪም አልነበረም፤ ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ እስፓኛዊ የዘፈን መምህር ነበር። እርሱም የደቀ መዛሙርቱን ድምፅ ሲያርም ኖሮ፥ የማይታየውን መሣሪያ ማየት ዘወትር ይመኝ ነበር። በ1854 በፓሪስ ሳለ የጥርስ ሐኪም የሚሠራበትን ባለ እጀታ ትንሽ መስተዋት ገዛ፤ እንዳይደበዝዝበትም በሙቅ ውሃ አሞቀው። ከዚያም እንጥሉ አጠገብ አስደግፎ፥ በሌላ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ ቢልክ የራሱን ማንቁርት ሲከፈትና ሲገጥም አየ። በ1855 ግኝቱን ለለንደን የንጉሣዊ ማኅበር አቀረበ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በቪየናና በፔሽት ቱርክና ቸርማክ የተባሉ ሐኪሞች መስተዋቱን ለሕክምና አዋሉት፤ ቸርማክም በፀሐይ ፋንታ የመብራት ብርሃን ተጠቀመ። ጋርሲያ 101 ዓመት ኖሮ በ1906 ዐረፈ።

ሆኖም ማየት ብቻውን አይበቃም። በ1887 የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ ድምፁ ጎረነነ። የአገሩ ሐኪሞች በመስተዋቱ እብጠት አይተው ካንሰር ነው ብለው ጠረጠሩና ቀዶ ጥገና እንዲደረግ መከሩ። ከእንግሊዝ የተጠራው ስመ ጥሩ ሐኪም ሞሬል ማኬንዚ ግን ከእብጠቱ ቆንጥሮ አስመረመረ፤ በተቆነጠረው ቁራጭ ላይ ካንሰር ስላልታየ ቀዶ ጥገናው ቀረ። ሐኪሞቹ ሲከራከሩ ወራት አለፉ። በየካቲት 1888 መተንፈስ ስላቃተው የአየር ቧንቧው ተበሳ፤ በመጋቢትም ንጉሠ ነገሥት ሲሆን መናገር ተስኖት ሐሳቡን በጽሕፈት ይገልጥ ነበር። በነገሠ በ99 ቀኑ ሞተ፤ ሬሳው ሲመረመርም ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በዚያ ዘመን ቀዶ ጥገናው ራሱ ብዙ ሰው ይገድል ስለ ነበር ይድን ነበር ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የባከነው ጊዜ ግን ተመልሶ አልተገኘም።

ክቡራን አንባብያን፤ ዛሬ በጋርሲያ መስተዋት ፋንታ ሐኪሞች ብርሃን ያለው ቀጭን መመልከቻ በአፍንጫ አስገብተው ማንቁርትን በጥቂት ደቂቃ ያያሉ፤ በጊዜው የተገኘ የድምፅ አውታር ካንሰርም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ ከእናንተ ወይም ከባልደረቦቻችሁ አንዱ ድምፁ ጎርንኖ ከሦስት ሳምንት በላይ ቢቆይ፥ ይልቁንም ትምባሆ የሚያጨስ ቢሆን፥ «ብርድ ነው፤ ያልፋል» ብሎ ሳያዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። የሰው ልጅ የራሱን ጉሮሮ ለማየት ብዙ ሺሕ ዓመት ጠብቋል፤ መመልከቻው ከተገኘ በኋላ መዘግየት ግን የእኛ ጥፋት ይሆናል።