ከድልድዩ በታች፦ የካርዲፍ ወደብ ሰፈር ታሪክ

በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ፣ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ የሚወርድ አንድ ረጅም ጎዳና አለ፤ ቢዩት ስትሪት ይባላል። የሚያልፍበት ሰፈር ደግሞ ቢዩትታውን ነው። በምሥራቅ የባቡር ሐዲድ ካብ፣ በምዕራብ ድሮ የጭነት ጀልባዎች ይሄዱበት የነበረ ቦይ፣ በደቡብ ደግሞ ባሕሩ ስለሚያጥረው፣ ሰፈሩ ለብዙ ዘመን ከቀረው ከተማ ተነጥሎ እንደ ደሴት ኖሯል። ወደ ከተማ ለመውጣት በባቡሩ ድልድይ ሥር ማለፍ ግድ ነበር። ስለዚህም ቦታው «ከድልድዩ በታች» ይባል ጀመር። መርከበኞች ግን ሌላ ስም አወጡለት፦ ታይገር ቤይ፣ ማለትም የነብር ባሕረ ሰላጤ።

እንግዲህ አንድ ሰፈር ሁለት ስም አለው ማለት ነው። አንደኛው የባለርስቱ ስም ነው፤ ሁለተኛውን የሰጠው ሠርቶ አዳሪው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። የአንድ ሰፈር ታሪክ የማን ነው? ስሙን የሰጠው መስፍን ነው ወይስ ላቡን የሰጠው ሰው? ጥያቄው የዋዛ እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ስለ መስፍኑ እንናገር። በ1801 ሕዝብ ሲቆጠር ካርዲፍ ውስጥ የተገኘው ሰው 2,000 እንኳ አይሞላም ነበር። ከተማ ለመባል የማትበቃ ቦታ ነበረች። ሀብቱ የነበረው ከበላይዋ፣ በተራሮቹ መካከል ባሉት ሸለቆዎች ነው። መርተር በተባለው ቦታ ብረት ይቀለጥ ነበር። ያንን ብረት ወደ ባሕር ለማውረድ በ1794 ቦይ ተከፈተ። ይሁንና ቦዩ ጠባብ፣ ባሕሩም አስቸጋሪ ሆነ። በካርዲፍ ፊት ለፊት ያለው የሰቨርን ባሕር ከፍታና ዝቅታው በዓለም ላይ ከታወቁት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ውኃው ሲሸሽ መርከብ ጭቃ ላይ ቁጭ ይላል፤ ሲመለስ ይንሳፈፋል። ታዲያ በቀን ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ በሚቀመጥ መርከብ ምን ዓይነት ንግድ ይነገዳል?

መፍትሔው ውኃውን በር ዘግቶ ማቆየት ነበር። በአካባቢው ሰፊ መሬት የነበረው ሁለተኛው የቢዩት ማርኪስ በራሱ ገንዘብ፣ ርስቱንም በዕዳ አስይዞ፣ በሮች ያሉት ትልቅ የመርከብ ገንዳ አስቆፈረ። ይህ የቢዩት ምዕራብ ወደብ የተከፈተው በኦክቶበር 1839 ነው። በ1841 ደግሞ የታፍ ቬል ባቡር ከመርተር እስከ ወደቡ ደረሰ። መስፍኑ ደፋር ነጋዴ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም፤ እኛም አንክደውም። ነገር ግን ገንዳውን በአካፋ የቆፈረው እሱ አይደለም። የቆፈሩት ሰዎች ስም በየትኛውም ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም።

ከዚያ በኋላ ብረቱ ቀርቶ ከሰሉ ነገሠ። የደቡብ ዌልስ የእንፋሎት ከሰል ኃይለኛ ሙቀት ይሰጣል፤ ጭሱ ግን ትንሽ ነው። ለጦር መርከብ ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም፤ ጭሱ ከሩቅ አያሳብቅምና። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈለገው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በባቡር የወረደው ከሰል ፉርጎው ተገልብጦ ወደ መርከቡ ሆድ ይደፋል። በዚያ በጨለማው ውስጥ ደግሞ ክምሩን በአካፋ እየበተኑ የሚያስተካክሉ ሠራተኞች አሉ። ክምሩ ካልተስተካከለ መርከቡ በማዕበል ይገለበጣል። አንዱ ገንዳ አልበቃ ብሎ በ1850ዎቹ ሁለተኛው፣ በ1887 ሌላ፣ በ1907 ደግሞ ሌላ ተጨመረ። በ1913 ከካርዲፍ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቶን የበለጠ ከሰል ወደ ውጭ ተላከ። በ1801 ከ2,000 ሰው በታች የነበረባት ቦታ በ1901 ከ160,000 በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ ሆነች። በ1886 በዚሁ ሰፈር በተከፈተው የከሰል ገበያ አዳራሽ ነጋዴዎች ቆመው የሚጠሩት ዋጋ በሩቅ አገር ወደቦች ሳይቀር ይሰማ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ቼክ የተፈረመው እዚያ ነው ይባላል። ይባላል እንላለን እንጂ አንምልበትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስም እንለፍ። የምዕራቡ ወደብ በተከፈተበት በዚያው በ1839 ዓመት እንግሊዞች ዓደንን ያዙ። ነገሩ የአጋጣሚ ቢሆንም ትርጉም አለው። ወደ ሕንድ የሚሄድ የእንፋሎት መርከብ መንገድ ላይ ከሰል መሙላት አለበት፤ ዓደንም የከሰል ማደያ ሆነች። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ደግሞ ሥራው በእጥፍ ጨመረ። የዌልስ ከሰል ወደ ዓደን ሄደ፤ የየመንና ከባሕሩ ወዲህ ያለው የሱማሌ ልጅ ደግሞ በመርከቡ እየሠራ ከሰሉ ወደሚመጣበት ወደ ካርዲፍ ወጣ። ዓደን ላይ የተቀጠረ መርከበኛ የሚከፈለው ካርዲፍ ላይ ከሚቀጠረው ያነሰ ነበርና፣ ወደ ላይ መውጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከኬፕ ቬርዴ፣ ከማልታ፣ ከኖርዌይ፣ ከቻይናም መጡ።

አብዛኞቹ አፍሪካውያንና ዓረቦች የተሰጣቸው ሥራ እሳት መቆስቆስ ነው። ከመርከቡ ሥር፣ ሰማይ በማይታይበት ክፍል፣ አፉን በከፈተ ምድጃ ፊት ቆሞ ከሰል መጨመር፣ አመድ ማውጣት፣ እንደገና መጨመር ነው። «ጥቁር ሰው ሙቀት ይችላል» የሚል ምክንያት ተሰጠው። እኛን የሚገርመን ይህ ነው። ሙቀቱን ማንም አይችለውም፤ የተቻለው ደመወዙን መቀነስ ነበር። እሳት ካየው ምን ለየው እንደሚባለው ግን፣ ከምድጃው ፊት የቆመ ሁሉ በጥላሸት አንድ መልክ ይሆናል። ከድልድዩ በታች የተፈጠረው ጉርብትና ከዚህ የራቀ አይመስለንም።

ላውደን ስኩዌር የተባለው አደባባይ ሲሠራ የመርከብ ካፒቴኖችና የነጋዴዎች መኖሪያ ነበር። እነሱ ሲከብሩ ወደ ሌላ ሰፈር ወጡ፤ ትልልቆቹ ቤቶች ተከፋፍለው የመርከበኞች ማደሪያ ሆኑ። የየመኑ፣ የሱማሌው፣ የምዕራብ አፍሪካው ሰው በየማደሪያው ባለቤት ቤት በዱቤ እየበላ እስከሚቀጠር ይጠብቃል። ብዙዎቹ የዌልስ ልጃገረዶችን አገቡ፤ ልጆችም ወለዱ። ኖርዌጂያኖች ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ሙስሊሞች መስጊዳቸውን ሠሩ። በ1941 የጀርመን ቦምብ መስጊዱን ሲያፈርሰው፣ ቦምቡ ከድልድዩ በላይና ከድልድዩ በታች ብሎ አልለየም።

ይህን ስንል ሰፈሩ ገነት ነበር ማለታችን አይደለም። ስለ ታይገር ቤይ ሁለት ተረት ይወራል። ከውጭ የሚያዩት የሌባና የሴተኛ አዳሪ ጎሬ ይሉታል፤ ከውስጥ የናፈቁት ደግሞ ጠብ የማያውቅ የሕዝቦች ማኅበር ያደርጉታል። ሁለቱም ሰዎቹን አያሳዩንም። ድህነት ነበረ፤ ስካርም ጠብም ነበረ። ግን ደግሞ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ የሚያሳድግበት፣ ዒድና ገና በአንድ መንገድ ላይ የሚከበሩበት ሰፈር ነበር። ዘፋኟ ሸርሊ ባሲ በ1937 የተወለደችው በዚሁ በቢዩት ስትሪት ነው፤ አባቷ ናይጄሪያዊ መርከበኛ ነበር።

የፈተናው ቀን የመጣው በጁን 1919 ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነጮቹ መርከበኞች ወደ ጦር ሠራዊት ሲሄዱ ጥቁሮቹ ቦታቸውን ሸፍነው ነበር፤ ብዙዎቹም በጠላት ባሕር ሰርጓጅ ተመትተው ሰጥመዋል። ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ሲመለስ ሥራ የለም፤ ቤትም የለም። ያን ጊዜ ጥፋተኛ ተፈለገ። ጥፋተኛው ግን ደመወዝ የሚቆርጠው የመርከብ ባለቤት አልሆነም፤ ከጎን ቆሞ አካፋ የሚይዘው ሰው ሆነ። ነጭ ሴት ማግባቱም እንደ ወንጀል ተቆጠረበት። ለቀናት ቤቶች ተሰበሩ፤ ሰው ተደበደበ፤ በካርዲፍ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በኒውፖርትና በባሪም ተመሳሳይ ሁከት ተነሣ። የመንግሥት መልስ ምን ሆነ ቢሉ፣ ጥቁር መርከበኞችን በመርከብ እያሳፈሩ ወደ መጡበት መመለስ! በ1925 ደግሞ የዜግነት ማስረጃ የሌለው «ባለ ቀለም» መርከበኛ ሁሉ እንደ ባዕድ በፖሊስ ይመዝገብ የሚል ደንብ ወጣ። የካርዲፍ ፖሊስም የእንግሊዝ ዜጋ የሆኑትን ሳይቀር መዘገበ። በጦርነት ጊዜ ዜጋ፣ በሰላም ጊዜ ባዕድ መሆን እንዲህ ነው።

ደንብ ያስተማረውን ንቀት ፍርድ ቤትም አልረሳውም። ማህሙድ ማታን በሐርጌሣ የተወለደ ሱማሌ መርከበኛ ነበር። በ1947 አንዲት የዌልስ ልጅ አግብቶ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ። በማርች 1952 በቢዩት ስትሪት አንዲት ባለሱቅ ታርዳ ተገኘች፤ ማታን ተያዘ። እኔ አልገደልኩም አለ። ዋናው ምስክር የሰጠው ቃል የማይታመን ነበር፤ ተከሳሹን የሚረዱ ማስረጃዎችም ለጠበቃው ሳይነገሩ ቀሩ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የራሱ ጠበቃ በችሎት ፊት ቆሞ ግማሽ አረመኔ መሆኑን ተናገረበት። ጠበቃው እንዲህ ካለ ዳኛው ምን ይበል? በሴፕቴምበር 3 ቀን 1952 በካርዲፍ ወህኒ ቤት ተሰቀለ። በዚያ ወህኒ ቤት ከእሱ በኋላ የተሰቀለ የለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሚስቱና ልጆቹ ለአርባ ስድስት ዓመት ጮኹ። በ1996 አፅሙ ከወህኒ ቤቱ ግቢ ወጥቶ በወግ ተቀበረ። በፌብሩዋሪ 1998 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ። የአገሩ ፖሊስ ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2022 ነው፤ ያን ጊዜ ሚስቱም ሦስቱም ልጆቹ በሕይወት አልነበሩም። ደግሞም ነገሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምንኛ ደግ ነበር! በ1990 በዚሁ ሰፈር በተፈጸመ ግድያ ሦስት ሰዎች በሐሰት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በ1992 ተሻረ፤ እውነተኛው ገዳይ የተገኘው በ2003 ነው።

በዚህ መካከል ከሰሉ አለቀለት። መርከብ በዘይት መሄድ ጀመረ። የምዕራቡ ገንዳ በ1964፣ የምሥራቁም በ1970 ተዘጉ። ምድጃው ሲጠፋ እሳት ቆስቋሹም ተረሳ። በ1960ዎቹ «ያረጀ ሰፈር ይጽዳ» ተብሎ ላውደን ስኩዌር ከነዙሪያው ፈረሰ፤ በቦታው ሁለት ረጃጅም ሕንጻዎች ቆሙ። ቤቱ ያረጀ እንደነበር አይካድም። ግን ቤት ሲፈርስ ደጃፍም አብሮ ይፈርሳል፤ ሰው ተቀምጦ የሚጫወተው ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። በ1987 የልማት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በ1999 በባሕሩ አፍ ላይ ግድብ ተሠርቶ ጭቃው በ200 ሄክታር ሐይቅ ተሸፈነ። ቲያትር ቤት በ2004፣ የዌልስ ምክር ቤት አዲስ ሕንጻ በ2006 ተከፈቱ። ቦታውም «ካርዲፍ ቤይ» ተባለ፤ ነብሩ ከስሙ ወጣ። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ታዲያ ከመስኮታቸው ሐይቁን ያያሉ፤ ከሥራው ግን ድርሻችን ጥቂት ነው እያሉ ያማርራሉ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፦ ታሪኩ የማን ነው? መልሱን ከአንዲት መምህርት እንዋስ። ቤቲ ካምቤል በ1934 በቢዩትታውን ተወለደች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ መምህር መሆን እፈልጋለሁ ብትል፣ ለደሃ ጥቁር ልጅ የሚቻል አይደለም ተባለች። ልጅ ወልዳ፣ ቤት ይዛ፣ ከዚያ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገባች። በመጨረሻም በተወለደችበት ሰፈር የማውንት ስቱዋርት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ በዌልስም የመጀመሪያዋ ጥቁር ርእሰ መምህር ሆነች። የሠራችው ሥራ ግን ከማዕረጉ ይበልጣል። ለሰፈሩ ልጆች ስለ ባሪያ ንግድ፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ፣ አባቶቻቸው ከየት እንደመጡና ምን እንደሠሩ አስተማረች። በ2017 ዐረፈች። በ2021 በካርዲፍ መካከል፣ ከድልድዩ በላይ፣ ሐውልት ቆመላት።

መስፍኑ የጻፈው በድንጋይ ነው፤ ገንዳው፣ ጎዳናው፣ ስሙ ቆሟል። እሳት ቆስቋሹ ግን ድንጋይ አልነበረውም፤ ልጆች ብቻ ነበሩት። ልጆቹ ካልተነገራቸው ታሪኩ ከምድጃው አመድ ጋር ይደፋል፤ ከተነገራቸው ግን ድልድዩን ተሻግሮ ይወጣል። ማታንን ከሐሰት ፍርድ ያወጣው የመንግሥት ቸርነት አይደለም፤ እንቢ ብሎ ያልረሳ ቤተሰብ ነው። እኛም የታሪክ መጽሐፍ በገለጥን ቁጥር፣ ወደቡን «የሠራውን» ሰው ስም ስናነብ፣ አካፋውን ማን ይዞት ነበር ብለን መጠየቅን አንተው።