ሴሊያክ በሽታ

ሴሊያክ በሽታ ግሉተን የተባለውን የእህል ፕሮቲን በመመገብ የሚቀሰቀስ፣ ትንሹን አንጀት የሚጎዳ የዕድሜ ልክ በሽታ ነው። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስ እና በአውሮፓ ለጥቁር ዳቦ በሚውለው ራይ በተባለ እህል ውስጥ ይገኛል። በሽታው ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የራሱን አንጀት ያጠቃል። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ በሽታው እንዳለበት ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ መታመማቸውን አያውቁም። እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ሕክምናው ግሉተንን ከምግብ ውስጥ ፈጽሞ ማስወገድ ነው።

ጤፍ በሽታውን የሚቀሰቅሰው ግሉተን የለውም። ይሁን እንጂ ከአውድማ እስከ ምጣድ ባለው መንገድ ከስንዴና ከገብስ ጋር በቀላሉ ይቀላቀላል። ስለዚህ እንጀራ የሚበላ ታማሚ ሁሉ ከግሉተን ርቋል ማለት አይቻልም።

ስያሜና ታሪክ

«ሴሊያክ» የሚለው ቃል «ሆድ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በጥንት ዘመን የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ምግብ ሳይፈጭላቸው ስለሚወጣና ሰውነታቸው ስለሚመነምን ሕሙማን ጽፎ ነበር። በዘመናዊው ሕክምና በሽታውን በግልጽ የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። ጊ በሽታው የሚድን ከሆነ በምግብ አማካይነት እንደሚሆን ገምቷል፤ የትኛው ምግብ ጎጂ እንደሆነ ግን አላወቀም።

ይህን ያገኘው የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ነው። ዲከ ዳቦ ለአንዳንድ ሕፃናት እንደማይስማማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጠርጥሮ ነበር። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ባሉት የብርድ ወራት ኔዘርላንድስ በረሃብ ተመታች፤ ዳቦም ጠፋ። በዚያ ጊዜ የሴሊያክ ሕሙማን ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ ጥናቱን በ1950 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፍ አድርጎ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ምርምር ጎጂው ነገር ግሉተን መሆኑ ተረጋገጠ።

መንስኤ

የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ቪላይ በሚባሉ ጣት መሰል ጥቃቅን ነገሮች የተሸፈነ ነው። ሥራቸው ከተፈጨው ምግብ ንጥረ ነገሮችን መምጠጥ ነው። በሴሊያክ ታማሚ አንጀት ውስጥ ግሉተን ሙሉ በሙሉ ሳይፈጭ ይቀርና፣ ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለው የሰውነት ኢንዛይም ይለውጠዋል። የመከላከያ ሥርዓቱ የተለወጠውን ግሉተን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። በሚነሣው ብግነት ቪላዮቹ እየጠፉ ግድግዳው ልሙጥ ይሆናል። ሰውየው ጠግቦ ቢበላም ሰውነቱ ብረት፣ ካልሲየም፣ ፎሌትና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን በበቂ መጠን አያገኝም።

በሽታው በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ አለው። ታማሚዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ኤችኤልኤ ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የሚባሉትን የዘረ መል ዓይነቶች ይይዛሉ። እነዚህን የያዘ ሰው ሁሉ ግን አይታመምም። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ታማሚ ከሆነ በሽታው የመኖሩ ዕድል ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ወይም በመከላከያ ሥርዓት መዛባት የሚመጣ የእንቅርት (ታይሮይድ) ዕጢ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ከሌላው ሰው ይልቅ ይጋለጣሉ።

ሴሊያክ በሽታ የስንዴ አለርጂ አይደለም። አለርጂ ከተበላ ብዙም ሳይቆይ በሽፍታ፣ በእብጠት ወይም በትንፋሽ ማጠር ይታያል። የሴሊያክ ጉዳት ግን ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው።

ምልክቶች

በሕፃናት ላይ ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት እህል ነክ ምግብ ከጀመሩ በኋላ ነው። ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት አለመጨመር፣ የዕድገት መዘግየትና መነጫነጭ ይገኙባቸዋል። በአዋቂዎች ላይ ተቅማጥ ላይኖር ይችላል። በብረት እንክብል የማይስተካከል የደም ማነስ፣ የማያቋርጥ ድካም፣ የአጥንት መሳሳት፣ የአፍ ቁስል ወይም ለመውለድ መቸገር ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዳንዶች በክርናቸው፣ በጉልበታቸውና በመቀመጫቸው ላይ ውሃ የቋጠረ፣ እጅግ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣባቸዋል።

እነዚህ ምልክቶች ከጃርዲያ፣ ከሆድ ትላትልና ከምግብ እጥረት ምልክቶች ጋር ይመሳሰላሉ። የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ተወስዶ ሕመሙ እየተመላለሰ ሲያስቸግር ሐኪሙ ሴሊያክን ሊጠረጥር ይገባል። ሳይታከም ለብዙ ዓመታት የቆየ በሽታ አልፎ አልፎ የአንጀት ሊምፎማ የተባለ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

ምርመራ

የመጀመሪያው እርምጃ የደም ምርመራ ነው። በምርመራው ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ይፈለጋሉ። ውጤቱ በሽታውን ካመለከተ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሕፃናት ላይ የደም ውጤቱ እጅግ ከፍተኛ ሲሆን ያለ ናሙና ሊወሰን የሚችልበት አሠራር አለ።

ምርመራው ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። ከምርመራ በፊት ዳቦ ያቆመ ሰው አንጀቱ ማገገም ስለሚጀምር ውጤቱ «ነጻ» ሊል ይችላል። ስለዚህ በጥርጣሬ ብቻ አመጋገብን አስቀድሞ መለወጥ አይመከርም። በተለምዶ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ እንጂ ዳቦና ፓስታ የማይበላ ሰውም ይህንን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።

ከግሉተን ነጻ አመጋገብ

ግሉተን በመጋገር፣ በመቀቀል ወይም በመቡካት አይጠፋም። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት «ከግሉተን ነጻ» የሚባለው በ1 ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ግሉተን ያለው ምግብ ነው። በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ግሉተን መብላት በጥቂት ወራት ውስጥ አንጀትን ሊጎዳ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ 2 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ግሉተን ስለሚይዝ፣ ጎጂው መጠን የቁራሹ አንድ አርባኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። «ትንሽ ብትቀምስ ምን አለው?» የሚለው ግብዣ ለታማሚው አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ከተለመዱት ምግቦች መካከል፦

በተፈጥሯቸው ግሉተን የሌላቸው፦ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽንብራ፣ ምስር፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ። ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅም እዚህ ይመደባል።

ግሉተን ያለባቸው፦ የስንዴ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ፓስታና ማካሮኒ፣ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ የስንዴ ጨጨብሳ፣ የስንዴ ንፍሮ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ እና የገብስ ገንፎ። የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል የገባበት ጠላ እና አብዛኛው ቢራም እንዲሁ።

አጃ በተፈጥሮው የስንዴ ዓይነት ግሉተን የለውም፤ አብዛኞቹ ታማሚዎችም ይስማማቸዋል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል የሚመከረው «ከግሉተን ነጻ» ተብሎ የታሸገው ብቻ ነው። ለሕፃናት አጥሚትና ገንፎ የሚዘጋጀው ምጥን ዱቄትም ከብዙ እህል ስለሚፈጭ ምን እንደገባበት መጠየቅ ያስፈልጋል። በፋብሪካ ምግቦች ላይ «ስንዴ የለውም» የሚል ጽሑፍ በቂ አይደለም፤ ገብስ ወይም ብቅል ሊኖርበት ይችላል። ሶያ ሶስና የታሸገ የሾርባ ዱቄት በብዛት ስንዴ ይገባባቸዋል።

ጤፍና እንጀራ

በ2005 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የጤፍን ፕሮቲን ከሴሊያክ ታማሚዎች በተወሰዱ የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ሞክረው፣ ሕዋሳቱ ለግሉተን እንደሚያደርጉት ምላሽ አለመስጠታቸውን ዘግበዋል። ዛሬ የጤፍ ዱቄት በአውሮፓና በአሜሪካ ለታማሚዎች ይሸጣል። በፋይበር የበለጸገ በመሆኑም፣ በነጭ ሩዝና በስታርች ብቻ ከሚሠሩ ምትክ ምግቦች የተሻለ ያደርገዋል።

ችግሩ ያለው በአዘገጃጀቱ ላይ ነው። «ሰርገኛ» የሚባለው ነጭና ቀይ ጤፍ የተቀላቀለበት ስለሆነ ስሙ ሊያሳስብ አይገባም። ሆኖም ለገበያ የሚጋገር እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል። ከኢትዮጵያ ውጭ ጤፍ ውድ በመሆኑ በብዙ ከተሞች እንጀራ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ይቦካል፤ በመልኩም መለየት አስቸጋሪ ነው። ግሉተን ወደ ንጹሕ ጤፍ ሊገባባቸው የሚችሉ ሌሎች መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

ወፍጮ፦ ጤፉ ስንዴ ወይም ገብስ ከተፈጨ በኋላ በዚያው ድንጋይ ሲፈጭ የቀረው ዱቄት ይቀላቀላል። ሽሮም በተመሳሳይ መንገድ ሊበከል ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ለጤፍ ብቻ የተመደበ ወፍጮ ነው።

እርሾ፦ ስንዴ ከገባበት ሊጥ የተቀዳ እርሾ ግሉተኑን ይዞ ወደሚቀጥለው ሊጥ ይሄዳል። ታማሚው ባለበት ቤት እርሾው ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ መጀመር አለበት።

የቤት ዕቃ፦ ወንፊትና ሰፌድ በስፌታቸው መካከል ዱቄት ስለሚይዙ በማጠብ ብቻ አይጠሩም፤ ለብቻ መለየት ይኖርባቸዋል። የምጣድ ማሰሻና ዳቦ የሚቀመጥበት መሶብም እንዲሁ።

ማኅበራዊ ገጽታ

አብሮ መብላት በለመደ ማኅበረሰብ ውስጥ ዋናው ፈተና ከጎረቤትና ከዘመድ ቤት ይመጣል። በበዓል ድፎ ዳቦ ሲቆረስ አለመቁረስ፣ ጠላ አለመጠጣት ወይም ጉርሻ መመለስ እንደ ኩራት ሊታይ ይችላል። ዳቦ የቆረሰ እጅ በአንድ ማዕድ ሲበላም ፍርፋሪ ይተላለፋል። ስለዚህ ለታማሚው በተለየ ሳህን ማቅረብ ማግለል ሳይሆን መከላከል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ቁርባን ኅብስት ከስንዴ ስለሚዘጋጅ፣ ታማሚ ምእመን ሁኔታውን ለንስሐ አባቱም ለሐኪሙም ማስረዳት ይኖርበታል።

ክትትል

አብዛኞቹ ታማሚዎች ግሉተን ካቆሙ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። የአንጀቱ ግድግዳ ግን እስኪያገግም ወራት፣ በአዋቂዎች ላይም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። መሻል መዳን ስላልሆነ፣ ተመልሶ ግሉተን የጀመረ ሰው ምልክት ባይታይበትም አንጀቱ ዳግም ይጎዳል። ፀረ እንግዳ አካላቱ በደም ውስጥ መቀነሳቸው በየጊዜው ይመረመራል፤ እንደ አስፈላጊነቱም የብረት፣ የፎሌት፣ የቫይታሚን ዲ መጠንና የአጥንት ጥንካሬ ይለካል። ሕመሙ ካልተሻለ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ሳይታወቅ ግሉተን የሚገባበት ምግብ ነው።