ካርፕ በሚሲሲፒና በኢሊኖይ ወንዞች

በአሜሪካ «የእስያ ካርፕ» በሚል የወል ስም ሲጠሩ የኖሩት ዓሦች አራት ናቸው፤ ሣር በል፣ ብርማ፣ ራሰ ትልቅና ጥቁር ካርፕ። በቆቃና በዝዋይ የሚታወቀው ተራ ካርፕ የሩቅ ዘመዳቸው ነው። የትውልድ ቦታቸው የምሥራቅ እስያ ወንዞች ሲሆኑ፣ ቻይናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት በኩሬ አርብተዋቸዋል።

ወደ አሜሪካ የገቡት በሰው ፈቃድ ነው። ሣር በሉ እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ አላባማና አርካንሳስ የምርምር ኩሬዎች የመጣው የውኃ አረምን ያለ መርዝ ያጠፋል ተብሎ ነበር። ብርማውና ራሰ ትልቁ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አርካንሳስ ገቡ። ሁለቱም በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋትንና እንስሳትን እያጣሩ ስለሚመገቡ፣ የዓሣ ኩሬና የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ እንዲያጸዱ ተሞከሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን በወንዝ ውስጥ መያዝ ጀመሩ። ጥፋቱ ዘወትር በጎርፍና በግል አርቢዎች ይሳበባል፤ የመንግሥት የምርምር ጣቢያዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ ስርጭቱ በሁሉም ወንዝ አንድ ዓይነት አልሆነም። ምክንያቱ በአብዛኛው ከአረባባቸው የሚመነጭ ነው። እነዚህ ካርፖች እንቁላል የሚጥሉት ውኃው ሞቅ ብሎ ወንዙ ሲሞላ ነው፤ እንቁላሉም እስኪፈለፈል ድረስ ከሥር ሳይዘቅጥ በጅረት መንሳፈፍ አለበት። ረጅምና ያልተቋረጠ ወራጅ ባለበት ይራባሉ፤ ግድብ በቆራረጠው ወንዝ ደግሞ ዓሣው ደርሶ እንኳ ዘሩ ላይተካ ይችላል። ወራጅ ባለበትም ቢሆን መራባታቸው በየዓመቱ እኩል አይደለም። አንድ ዓመት እጅግ ብዙ ጫጩት ይተርፋል፣ ቀጥለው የሚመጡት ዓመታት ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ።

ልዩነቱ በጉልህ የሚታየው በኢሊኖይ ወንዝ ነው። ወንዙን ግድቦች እንደ ደረጃ ከፋፍለውታል። በታችኛው ላግሬንጅ ክፍል ብርማው ካርፕ ከ2000 ገደማ ጀምሮ ድንገት በዛ፤ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከውኃው እስከ 3 ሜትር እየዘለለ ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎችን መምታት ጀመረ። ዓሦቹ ሲበዙ ምግቡ ሳሳ፤ ተመሳሳይ ምግብ የሚጋሩ ነባር ዓሦችም ከሱ። ወደ ላይ፣ ወደ ቺካጎ በሚያመራው ድሬዝደን ደሴት በሚባለው ክፍል ያለው ግን ጥቂት፣ በአካሉ ትልልቅና ከታች የመጣ ዓሣ ነው። ከ2010 ጀምሮ የኢሊኖይ ክልል ለአሥጋሪዎች እየከፈለ ካርፑን ያስወጣል፤ በድሬዝደን ደሴት ክፍል ያለው ቁጥር ከ2012 ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል።

በሚሲሲፒም ወሰን ያበጀው ግድብ ነው። በ1913 ኪዮኩክ ከተማ ላይ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራው ረጅም ግድብ፣ ዛሬ 19ኛ የሚባለው፣ ዓሣ ሊያልፍበት የሚችለው መንገድ በመርከብ ማሳለፊያው በር ብቻ ነው። ከግድቡ በታች ካርፑ ጥቅጥቅ ብሎ ሲገኝ ከበላዩ ሳስቶ ይታያል። ሠሪዎቹ ስለ ካርፕ አንዳች አላሰቡም።

በዘረመልም ረገድ የአሜሪካው ካርፕ ከቻይናው ተለይቷል። በያንግዜ ወንዝ እምብዛም የማይዳቀሉት ብርማውና ራሰ ትልቁ በሚሲሲፒ ተፋሰስ በብዛት ይዳቀላሉ። የታሪኩ ምፀት ደግሞ በያንግዜ ላይ የሦስት ሸለቆዎች ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2003 ወዲህ የካርፕ ጫጩት በተፈጥሮ መኖሪያው እጅግ መቀነሱ ነው።

ትልቁ ስጋት በ1900 የተከፈተው የቺካጎ ቦይ ነው፤ የከተማዋን ፍሳሽ ከሚሺጋን ሐይቅ ለማራቅ ሲቆፈር የታላላቅ ሐይቆችን ተፋሰስ ከሚሲሲፒ ጋር አገናኘ። በ2002 ሮሚዮቪል አጠገብ በቦዩ ላይ የኤሌክትሪክ አጥር ሥራ ጀመረ፤ ሲታቀድ የታሰበው ለሌላ ወራሪ ዓሣ ነበር። በጆሊየት ከተማ ብራንደን ሮድ ግድብ ላይ ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ መከላከያ ታቅዷል። ብርማውና ራሰ ትልቁ በሚሺጋን ሐይቅ ሲራቡ አልተገኙም። ሁሉንም የቀደመው ሣር በሉ ካርፕ ግን በኢሪ ሐይቅ ገባር በሳንደስኪ ወንዝ መራባቱ በ2015 በተሰበሰበ እንቁላል ተረጋግጧል።