ልዑል ሚሽኪን ሌኒንግራድ የገባ ማታ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ተዋናይና እሱን አይቶ ትንፋሹን ስለዋጠ አዳራሽ ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1957 ነው፤ ወሩ ዲሴምበር፣ ቀኑ 31። ነገ አዲስ ዓመታቸው ነው። በዚያች ማታ ሌኒንግራድ ውስጥ፣ ፎንታንካ ወንዝ ዳር ባለው ቦልሾይ ድራማ ቴአትር፣ የበዓል ዋዜማውን ትቶ የመጣ ተመልካች ወንበሩን ይዟል። የሚታየው የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ልቦለድ ነው፤ በእኛ አፍ «ጅሉ» እንበለው። መታተም የጀመረው በ1868 ነበር። ታሪኩን ለማታውቁት፦ ልዑል ሚሽኪን የሚባል ወጣት በሚጥል በሽታ ምክንያት ዓመታት ስዊዘርላንድ ሲታከም ቆይቶ፣ አንዲት የጨርቅ ጥቅልል ይዞ፣ ለሩሲያ ብርድ የማይሆን ካባ ደርቦ፣ በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር ወደ አገሩ ይመለሳል። ተንኮል አያውቅም። በጥፊ ሲመቱት የሚያዝነው ለመቺው ነው። ሰው ሁሉ ጅል ይለዋል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ የልቡን የሚያወራው ለእሱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው ማን ይጫወተው? ክፉ ሰውን መጫወት ቀላል ነው፤ የሚይዙት ነገር አለው። ደግ ሰው ግን መድረክ ላይ ሲወጣ ወይ ሰባኪ ይመስላል፣ ወይ ያሳዝናል እንጂ አይታመንም። አዘጋጁ ጊዮርጊ ቶቭስቶኖጎቭ ቴአትር ቤቱን የተረከበው በ1956 ነበር። ለሚሽኪን የታሰበው የመጀመሪያ ተዋናይ አልሆነም። ቶቭስቶኖጎቭ በዚያው ዓመት ከወጣ «ወታደሮች» ከሚባል ፊልም ውስጥ የአንድ ሰው ዓይን ትዝ አለው። ዓይን ብቻ! ብዙ ሰው የማያውቀው የአንድ ተዋናይ ዓይን። «እነዚህ የሚሽኪን ዓይኖች ናቸው» ብሎ አስጠራው።

ባለ ዓይኑ ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ ነው። አሁን ይህ ሰው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ መቸኮል አልፈልግም።

የተወለደው በ1925 ሳይቤሪያ ውስጥ፣ ቶምስክ አካባቢ፣ ከገበሬ ቤት ነው። ገና በወጣትነቱ ጦር ሜዳ ወረደ። በ1943 መጨረሻ ዩክሬን ውስጥ በጀርመኖች እጅ ወደቀ፤ ወር ገደማ በምርኮ ቆይቶ አመለጠ። አንዲት ዩክሬናዊት እናት ቤቷ አስገብታ፣ ሕይወቷን አስይዛ ደበቀችው። ከዚያ ተመልሶ ተዋጋ፣ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜም ዘለቀ። ነገር ግን በስታሊን አገር ተማርኮ የነበረ ወታደር ጀግና አይባልም፤ ተጠርጣሪ ነው። በዋና ዋና ከተሞች እንዳይኖር መከልከሉን እሱ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ስለዚህ ወደ ኖሪልስክ ሄደ። ኖሪልስክ ማለት እስረኞች በበረዶ መሬት ላይ የገነቧት የሰሜን ዋልታ ጎረቤት ከተማ ናት። ወደ ሳይቤሪያ በግዞት እንዳይልኩት ፈርቶ፣ ከዚያ ወዲያ የሚልኩበት ቦታ ወደሌለበት በገዛ እግሩ ገባ። እዚያ በነበረው ትንሽ ቴአትር ቤት ዓመታት ተጫወተ። ከዚያ ደቡብ ወረደ፣ ስታሊንግራድ ደረሰ፣ በመጨረሻም ሞስኮ መጥቶ የየቴአትር ቤቱን በር አንኳኳ። የከፈተለት አልነበረም። ማደሪያ አጥቶ በደረጃ ሥር ያደረባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ይህ ሰው ነው ልዑል ሊሆን የመጣው።

ልምምዱ መከራ ሆነ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ አብረውት የሚጫወቱት በለመዱት መንገድ ቃሉን ሲጠብቁ እሱ በሹክሹክታ ይመጣባቸዋል። ሚናውን ትቶ ሊሄድ ደርሶ ነበር። የአዘጋጁ ረዳት ሮዛ ሲሮታ ግን አልለቀቀችውም፤ ለብቻው ይዛ፣ ትዕይንት በትዕይንት፣ ሰዓት ሳትቆጥር ሠራችው። ስለዚህ ሥራ ሲወራ የቶቭስቶኖጎቭ ስም ይቀድማል፤ ይገባዋልም። የእሷ ስም ሲዘለል ግን ይቆጨኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ስሞክቱኖቭስኪ ሌንፊልም፣ የፊልም ማምረቻው ውስጥ ነበር። ቤቱ ይተራመሳል፤ ሰው ይሯሯጣል፣ ይጣራል፣ ዕቃ ይሸከማል። በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል አንድ ሰውዬ ቆሞ መጽሐፍ ያነባል። ጸጉሩ አጭር ነው። ጫጫታው አይነካውም፤ እዚያ ቆሟል፣ ግን እዚያ የለም። ተዋናዩ እንዳየው ደነገጠ። ቆይቶ ሲጠይቅ፣ ሰውዬው 17 ዓመት በእስር ካምፕ ኖሮ የወጣ መሆኑን ሰማ። ይህን የተናገረው ራሱ ስሞክቱኖቭስኪ ነው። ከዚያ በኋላ ሚሽኪን እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚያዳምጥ አልቸገረውም።

አሁን ወደዚያች ማታ እንመለስ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ማነው? ስታሊን ከሞተ አምስተኛ ዓመቱ ሊመጣ ነው። ክሩሽቾቭ የስታሊንን በደል በዝግ ጉባኤ ከተናገረ ሁለት ዓመት አልሞላውም። በእነዚያ ዓመታት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከካምፕ ተፈተዋል። በየቤቱ በር አንኳኩተው ገብተዋል፦ ጥቅልል ይዘው፣ የማይሆን ልብስ ለብሰው፣ ቀስ ብለው እያወሩ፣ ሰው ፊት መቀመጫው የት እንደሆነ እየጠፋባቸው። ሌኒንግራድ እነዚህን ሰዎች ታውቃቸዋለች። ባሎቿ ናቸው፣ አባቶቿ ናቸው። መጋረጃው ሲገለጥ በባቡር የመጣው ያ መንገደኛ ለዚያ ተመልካች የመቶ ዓመት ድርሰት አልነበረም። ትናንት ማታ ማዕድ ላይ አብሮት የተቀመጠ ሰው ነበር።

ያዩት ሰዎች ሲያወሩ ጭብጨባውን አያስቀድሙም፤ ዝምታውን ነው። የቭጌኒ ሌቤዴቭ የሚጫወተው የልዑሉ ባላንጣ ሮጎዢን በቁጣ መድረኩን ሲያናውጠው፣ ሚሽኪን በሹክሹክታ ይመልስለታል፤ አዳራሹም ያችን ሹክሹክታ ላለማጣት ትንፋሹን ይውጣል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ከሞስኮ በባቡር እየመጡ የሚያዩ በዙ። የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ በሬዲዮ የሰማችሁ ይገባችኋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስታነቡ ጉዱ ካሳ የሚናገራችሁ በማን ድምፅ ነው? እንደዚያው ሚሽኪንም ከዚያ ማታ ወዲህ ለብዙ ሩሲያውያን ድምፅና ትከሻ አገኘ።

ሐያስያኑስ ምን አሉ? ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ዶስቶየቭስኪ ራሱ በ1872 በጻፈው ደብዳቤ፣ ልቦለዶቹን ወደ ቴአትር ለመለወጥ ፈቃድ ለሚጠይቅ እንቢ እንደማይል፣ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሙከራ ከሞላ ጎደል እንደማይሳካ ተናግሯል። ለአንዱ የጥበብ መልክ የተወለደ ሐሳብ በሌላው ውስጥ አይመቸውም ነው ነገሩ። በ1910 የሞስኮ አርት ቴአትር «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን በሁለት ማታ ከፍሎ አሳየ፤ ካቻሎቭ የሚባለው ተዋናይ የኢቫንንና የሰይጣኑን ጭውውት ብቻውን ሆኖ ተጫወተው። በ1913 ደግሞ «አጋንንት»ን ሊያቀርቡ ሲነሡ ማክሲም ጎርኪ ከካፕሪ ደሴት ሆኖ በጋዜጣ ተቃወመ። ሥራው ገና መድረክ ላይ አልወጣም ነበር! የጎርኪ ሥጋት፣ መጽሐፍ ሲያነብ ሰው ከደራሲው ጋር መሟገት ይችላል፣ ቴአትር ቤት ግን ሥጋና ደም የለበሰው በሽታ ይጋባበታል የሚል ነበር። ቴአትር ቤቱ በግልጽ ደብዳቤ መለሰለት፣ ሥራውንም አሳየ። እኔ ከቴአትር ቤቱ ጋር ነኝ። ተመልካችን የሚታመም ሕፃን አድርጎ ማየት አይመቸኝም። ቢሆንም ጎርኪ አንድ ነገር በትክክል አይቷል፤ መድረክ ከገጽ ይልቅ ይጋባል። ሌኒንግራድ ላይ የተጋባው ግን በሽታ ሳይሆን ርኅራኄ ነበር።

የጎርኪ ቃል በሶቪየት ዘመን ከባድ ክንድ ሆነ። በስታሊን የመጨረሻ ዓመታት ዶስቶየቭስኪ አድኃሪ ተብሎ ወደ ጥግ ተገፍቶ ነበር። በ1956፣ በሞተ በ75 ዓመቱ፣ ሥራዎቹ በዐሥር ጥራዝ እንደገና መታተም ጀመሩ። ስለዚህ በ1957 ለሐያሲ ከባዱ ነገር ተዋናዩን ማመስገን አልነበረም፤ ስለ ዶስቶየቭስኪ በይፋ የሚነገርበትን ቋንቋ እንደ አዲስ ማግኘት ነበር። ይህን ካገኙት አንዱ የሌኒንግራዱ የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ናኡም ቤርኮቭስኪ ነው፤ በ1958 «ቴአትር» በተባለው መጽሔት ስለ ዶስቶየቭስኪ በመድረክ ጻፈ። የሥነ ጽሑፍ ሰው ሆኖ መጽሐፉንና ቴአትሩን በማመሳከር ብቻ አልቆመም፤ ተዋናዩን በዓይኑም በጆሮውም ተከተለው፣ የድምፁን ቅላጼ ሳይቀር። ሐያሲ እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል። «ይህ ከመጽሐፉ ቀርቷል፣ ያ ተጨምሯል» እያለ የሚቆጥር ብዙ ነው፤ አዳራሹ ምን ሰምቶ ዝም እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት።

ስሞክቱኖቭስኪ በ1960 ቴአትር ቤቱን ለቆ ወደ ፊልም ሄደ። በ1964 የኮዚንትሴቭ ፊልም «ሐምሌት» ወጣ፤ ዓለም አወቀው። በ1966 ቶቭስቶኖጎቭ «ጅሉ»ን እንደገና ሲያዘጋጀው ሚሽኪን ሊሆን ተመለሰ፣ ቴአትሩም ለንደንና ፓሪስ ተጓዘ። እዚያ የጠበቀው ተመልካች ቋንቋውን አያውቅም፤ ከካምፕ ተመልሶ በሩን ያንኳኳ አባትም አልነበረውም። ሊያይ የመጣው ስመ ጥሩውን ሐምሌት ነው። የሌኒንግራዱ ተመልካች በዚያ የአዲስ ዓመት ዋዜማ የተዋናዩን ስም እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ ግን ለሁለቱም ያው ሰው ነው የመጣው፦ ጥቅልሉን የያዘ፣ ካባው የሳሳ፣ ከባቡሩ ወንበር ላይ ሆኖ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በዝግታ የሚያዳምጥ።